ሦስት ዓይነት ሶላር፣ መቶ እንቁላል

ጥያቄ የማያልቅበት ሰው ጎረቤታችሁ ከሆነ እዘኑለት እንጂ አትቅረቡት። እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነኝ። ጫማ ልገዛ ገብቼ ሶሉ ከምን ላስቲክ እንደተሠራ ሳላውቅ አልወጣም። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ መርፌ ስወጋ፣ መድኃኒቱ ከተወጋሁበት ቦታ ተነስቶ ጉሮሮዬን በየት በኩል እንደሚያገኘው ነርሷን ጠየቅኳት። "አንተ ሱሪህን ታጠቅ፣ እሱ መንገዱን ያውቃል" አለችኝ። መልሱ እስከ ዛሬ አላጠገበኝም።

ባለቤቴ ወይንሸት ይህን ጠባዬን እያወቀች ነው ያገባችኝ። ሽማግሌ ልኬ ቤተሰቦቿ እሺ ካሉ በኋላ እንኳ፣ "ለመሆኑ ምኔን አይታችሁ ነው እሺ ያላችሁት?" ብዬ አባቷን ጠይቄ ነገሩ ለጥቂት ተርፏል። ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት፣ ሶላር ምረጥልኝ ብላ እኔን መላኳ ነው የሚገርመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ሱሉልታ፣ ኦቦ ቱሉ ከሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። ወይንሸት ለዓመታት አበባ እርሻ ስትሠራ ቆይታ፣ የማለዳው ብርድ ደረቷን ሲይዛት ሥራውን ተወችና ጫጩት ማስፈልፈል ጀመረች። መቶ እንቁላል የሚይዝ ማሽን አለን። ማሽኑ የሚፈልገው መብራትና ትዕግሥት ነው። ትዕግሥቱ አላት፤ መብራቱ ግን በእሷ እጅ አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ መቶ እንቁላሎች ሊፈለፈሉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው መብራት ጠፋና አንድ ቀን ተኩል ቆየ። የሱሉልታን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጫጩቶቹ ቅርፊታቸው ውስጥ እንዳሉ ቀሩ። ወይንሸት ጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ ሁሉንም በእጇ ቀበረች። ሦስት ቀን ሙሉ "ምሳህ ቀርቧል" ከማለት በስተቀር ቃል አልወጣትም። እኔ ደግሞ ማጽናናት አልችልበትም፤ ስንት ዲግሪ ሲደርስ እንደሚሞቱ ጠየቅኳት።

በአራተኛው ቀን ተነስታ ሌላ መቶ እንቁላል አስገባች።

"ይኼም ከሞተብኝ ማሽኑን ሸጬ ወደ አበባው እመለሳለሁ" አለችኝ።

"ደረትሽስ?"

"ደረቴን ተወው። ሶላር ግዛልኝ። ሃያ አንድ ቀን አለህ።"

በሃያ አንድ ቀን ውስጥ እንቁላል ጫጩት ይሆናል። በሃያ አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ሰው ሶላር መግዛት ያቅተዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እሷም አልጠረጠረችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

መጀመሪያ የሄድኩት ቡራዩ ነው፤ ጥሩ ነጋዴ እዚያ አለ ብለውኝ። ሱሉልታና ቡራዩ በካርታ ላይ ስታዩዋቸው ጎረቤታሞች ናቸው። በታክሲ ግን አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ነው፤ ጎረቤቱን ለመጠየቅ በሌላ ሰው ሳሎን አልፎ እንደመሄድ ያለ ነገር። ነጋዴው እጁን ወደ አንድ ጥቁር ሶላር ዘርግቶ "ሞኖ ውሰድ" አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይወስድ ነበር። እኔ "ሞኖ ምን ማለት ነው?" አልኩት።

ሰውየው ሥራ አልነበረውም መሰለኝ ወንበር አቀረበልኝ። "ሶላር የሚሠራው ከአሸዋ ነው" ብሎ ጀመረ። እዚያው ልቤ ቀረ። አሸዋው ውስጥ ሲሊከን የሚባል ነገር አለ፤ ያንን አጣርተው ያቀልጡታል። ለሞኖ ሲሆን፣ የቀለጠውን ቀስ እያሉ ወደ ላይ እየሳቡ አንድ ወጥ ግንድ ያደርጉታል። ከዚያ ግንዱን እንደ ድንች ስስ ስስ አድርገው ይከትፉታል። "ስለዚህ ጥርት ያለ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሳይደናቀፍ ያልፋል" አለኝ።

"ሰማያዊውስ?"

"እሱ ፖሊ ነው። ቀልጦ ሣጥን ውስጥ ይገለበጥና ዝም ብሎ ይረጋል። ብዙ ቅንጣት ነው፣ የተደባለቀ። ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው ሲሻገር ይደክመዋል።"

ኤሌክትሪክ ይደክመዋል። ይህን ሰምቼ እንዴት ሶላር ገዝቼ ወደ ቤቴ እገባለሁ? በዚያ ላይ አንድ ነጋዴ ያለውን ብቻ ሰምቶ መወሰን ልክ አይመስለኝም። በማግስቱ፣ የቅዳሜ ከሰዓቴን ይዤ ሰበታ ሄድኩ።

የሰበታዋ ነጋዴ ቀልጣፋ ሴት ናት። የቡራዩውን ነገር ስነግራት እስክጨርስ አልጠበቀችም።

"ጣራህ ጠባብ ነው?"

"አይ፣ ሰፊ ነው።"

"ታዲያ ሞኖ ምን ያደርግልሃል? ሞኖ ቦታ ለጠበበው ነው። ሰፊ ጣራ ያለው ሰው ሰማያዊውን ጨመር አድርጎ ቢሰቅል ያው ነው። ይልቅ ሙቀቱን አስበው፤ ሙቀት ሲበዛ ሶላር ይሰንፋል።"

"ፀሐይ አይደለም እንዴ የሚፈልገው?"

"ብርሃኗን ነው የሚፈልገው። ሙቀቷን አይወድም።"

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህንን ነገር ይዤ ስንት ቀን እንዳልተኛሁ አትጠይቁኝ። ጫጩቶቻችንን የፈጀው የሱሉልታ ብርድ ለሶላር ምቾት ነው ማለት ነው። ውርጭ በተነሳበት ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እኛ ጋቢ ተከናንበን ስንንቀጠቀጥ፣ እሱ ጣራ ላይ ሆኖ "እሰይ" ይላል። እንዲህ ያለውን ጉድ እያወቀ ዝም ብሎ የሚኖር ሰው አለ ብዬ አላምንም።

ሴትዮዋ በዚህ ብቻ አልተወችኝም፤ ከጥግ አንድ እንደ ሸራ የሚጠቀለል ነገር አውጥታ ዘረጋችልኝ። "ይኼ ደግሞ ስሱ ነው። አይከተፍም፣ አይረጋም፤ እንደ ቀለም ይቀባል። ደመና ላይ ይሻላል የሚሉም አሉ፤ ግን ቦታ ይበላል።" ሁለት ናቸው ብዬ መጥቼ ሦስት ሆኑብኝ።

ማታ ወይንሸት እንቁላሎቹን እያገላበጠች "ገዛህ?" አለችኝ።

"ሦስት ዓይነት ነው።"

"አንዱን ግዛ።"

"የትኛውን?"

"እኔ እንቁላል ላገላብጥ፣ አንተ ሶላር ምረጥ። ሥራ ተካፍለናል" አለች፤ ቀና ሳትል።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ።

"በእግሩ የሚሄደው ከሞቀ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ተረቱን የተረተው ሰው ይህን ሳያስበው ቀርቷል።

እኔ ግን በወሬ መምረጥ አልወድም። ሦስቱንም ተውሼ እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ በእኛው ፀሐይ ልፈትናቸው ወሰንኩ። ነጋዴ ለሙከራ ብሎ ዕቃ አይሰጥም፤ ማስያዣ ይፈልጋል። ለጥቁሩ ቡራዩ ላይ የቀበሌ መታወቂያዬን አስያዝኩ። ሰበታ ለሰማያዊው የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን፣ ለስሱ መንጃ ፈቃዴን ተውኩ። መኪና የለኝም፤ መንጃ ፈቃዱን ያወጣሁት ፍሬን እንዴት እንደሚይዝ ለማወቅ ብዬ ነው።

ጥቁሩን ከቡራዩ ይዤ ስሳፈር የታክሲው ረዳት "የሱንም ትከፍላለህ" አለኝ።

"ሰው አይደለም እኮ።"

"ወንበር ይዟል።"

ከጎናችን የተቀመጠች ሴት ቴሌቪዥን መስሏት ነበር፤ ሶላር ነው ስላት "ምን ዓይነት ሶላር?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ከአስኮ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከአሸዋው ጀምሬ አንድም ሳላስቀር አስረዳኋት። ስትወርድ "እኔ እንኳ ስልኬን ቻርጅ ያደርግልኝ እንደሆን ብዬ ነበር" አለችና ሄደች።

በማግስቱ ሥራ ስገባ የበሩ ጥበቃ መታወቂያ ጠየቀኝ። ያለ መታወቂያ መግባት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈበት ሰሞን ነበር። ጥበቃው ሰባት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ "እንደምን አደርክ" የምንባባል ሰው ነው።

"አታውቀኝም?"

"አንተን አውቅሃለሁ፤ መታወቂያህን ነው የምፈልገው።"

"ሰበታ ነው።"

"የቀበሌህስ?"

"ቡራዩ።"

"መንጃ ፈቃድ?"

"እሱም ሰበታ ነው።"

ትንሽ አሰበና "ታዲያ አንተ ራስህ የት ነህ?" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃዬ በር ድረስ እየወጣ "የኛ ነው" እያለ ያስገባኝ ነበር።

ወደ ሙከራው ልመለስ። ሦስቱን ሶላር ግቢው መሀል፣ እኩል ፀሐይ በሚያገኙበት ቦታ ዘረጋኋቸው። ጠዋት ሳልወጣና ማታ ፀሐይ ሳትገባ የሚሰጡትን ኤሌክትሪክ እኔው በቴስተር፣ በመለኪያው፣ እለካለሁ። ዋናው ግን የቀትሩ ነው፤ በቀትር እኔ ቢሮ ነኝ። ወይንሸትን ለመጠየቅ ደግሞ ፊቷን አይቼ ተውኩት። ስለዚህ አከራያችንን ኦቦ ቱሉን ለመንኳቸው። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ። ቀይዋን ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሯን ከጥቁር እንዴት እንደሚያገናኙ አሳየኋቸው። አንድ ጊዜ አይተው ያዙት።

በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ።

"ኦቦ ቱሉ፣ አካም ኦልተኒ?"

"ነጋ ነጋ። ጻፍ እንግዲህ። ሰማያዊው አምስት ነጥብ ሁለት። ስሱ ሦስት ነጥብ አንድ። ጥቁሩ ዜሮ ነጥብ አራት።"

"ጥቁሩ ስንት?"

"ዜሮ ነጥብ አራት ነው የሚለው፤ እኔ አልጨመርኩም አልቀነስኩም።"

በመጀመሪያው ቀን ስህተት ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛውም ቀን፣ ሦስተኛውም ቀን ያው ሆነ። ጠዋትና ማታ እኔ ስለካው ጥቁሩ ከሁሉም ይበልጣል፤ በቀትር ግን ይሞታል። ይህ እንዴት ያለ ምስጢር ነው? ቢሮ ቁጭ ብዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ትንታኔ ጻፍኩ። ጥርት ያለው ዘር የቀትሩን የሱሉልታ ፀሐይ አይችለውም፤ የተደባለቀው ግን ሁሉን የለመደ ስለሆነ ይቋቋማል የሚል። ጽሑፉ ሲያልቅ እኔው ራሴ አደነቅኩት። ለቡራዩው ነጋዴ ግልባጭ ላደርግለት ሁሉ አስቤ ነበር። ለማረጋገጥ ብዬ ግን ጥቂት ቀን ጨመርኩበት።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ ወይንሸት ደወለች።

"መብራት ጠፋ።"

"መቼ?"

"መቼ እንደጠፋ ምን ያደርግልሃል? ትራንስፎርመር ነው የተቃጠለው፣ ቶሎ አይመጣም እያሉ ነው። ግቢ ውስጥ ሦስት ሶላር ተዘርግቷል። አንዱን መጥተህ ቀጥልልኝ።"

"ወይኑዬ፣ ባትሪ እኮ ገና አልገዛሁም።"

"ለምን?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። "ባትሪውም ዓይነት አለው" አልኩ። ስልኩን ዘጋችው።

ፈቃድ እንኳ ሳልጠይቅ ከቢሮ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ያሰብኩት ያንን ጉድጓድ ነው። ከጓሮ ቆማ አካፋውን ስታስቀምጥ የነበራትን ፊት አሰብኩ፣ ደረቷን ይዛ ለአበባ እርሻው ሰርቪስ ማልዳ ስትወጣ አሰብኩና ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በጭንቅላቴ ውስጥ አንድም ጥያቄ አልነበረም።

ግቢ ስገባ ያየሁት ሰማያዊው ሰማያዊ እንደሆነ፣ ስሱም እንደተዘረጋ ነው። ጥቁሩ ግን ቀይ ሆኗል። ከዳር እስከ ዳር በርበሬ ተሰጥቶበታል። ኦቦ ቱሉ ቴስተሩን በእጃቸው ይዘው ከጎኑ ቆመዋል፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው።

"ኦቦ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"በርበሬ።"

"መቼ ነው የተሰጣው?"

"በየቀኑ ነዋ። አንተ ስትወጣ ታሰጣዋለች፣ ሳትመጣ ታነሳዋለች። ጫልቱ ናት።" ጫልቱ የሚሏቸው ባለቤታቸውን ነው፤ እኛ እትዬ ጫልቱ እንላቸዋለን። "ሦስቱንም በመዳፏ ዳሰሰቻቸውና ጥቁሩ ይሻላል አለች። እውነቷን ነው፣ ሰሌን እንዲህ አያደርቅም።"

እኔ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝን ምርጫ እትዬ ጫልቱ በአንድ መዳፍ ጨርሰውታል።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

ኦቦ ቱሉ ቅር ብሏቸው አዩኝ። "ቁጥሩን አንብቡልኝ አልከኝ፣ ቁጥሩን አነበብኩልህ። በርበሬ አለበት ወይ ብለህ አልጠየቅክም። አንተ ደግሞ ጠያቂ ሰው ነህ፤ ብትፈልገው ኖሮ ትጠይቅ ነበር ብዬ ነው።"

ቤት ስገባ ማሽኑን አጣሁት። ያለን ብርድ ልብስና ጋቢ ሁሉ ተከምሮበታል፤ ዙሪያውን ሙቅ ውኃ የተሞሉ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። እትዬ ጫልቱ ከጎኑ ተቀምጠው አንዱ ጀሪካን ሲቀዘቅዝ ያወጣሉ፣ ከሰል ላይ የፈላውን ይተካሉ።

"ወይንሸትስ?" አልኳቸው።

"ሶላር ልትገዛ ሄደች።"

እንዲህ ሲሉኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው አንድ ጀሪካን አቀበሉኝና ውኃ ልቀዳ ወጣሁ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባጃጅ ግቢው በር ላይ ቆመ። ወይንሸት ወረደች፤ ከኋላዋ ባትሪ የታቀፈ ባለሙያና አንድ ሶላር። የገዛችው እኔ ወደ ቡራዩና ወደ ሰበታ ስሄድ ታክሲ ከምጠብቅበት ቦታ ፊት ለፊት ካለ ሱቅ ነው። የጠየቀችውም አንድ ጥያቄ ነው፤ "አሁኑኑ መጥተህ ትሰቅልልኛለህ?"

ባለሙያው ሶላሩን በካርቶኑ እንዳለ ይዞ ጣራ ላይ ወጣ። ካርቶኑን እዚያው ቀደደው፤ ከታች ምኑም አይታየኝም።

"ወንድም፣ ሞኖ ነው ፖሊ?" አልኩት።

"ምኑ?"

"ሶላሩ።"

"ጥሩ ነው" አለኝ።

ሌላ ልጨምር አፌን ስከፍት ወይንሸት "አንተ መሰላሉን ያዝ" አለች። ያዝኩ። ማሽኑ ሲበራ ግን አልሳቀችም። "ብርዱ ነክቷቸው እንደሆነ የምናውቀው ሲፈለፈሉ ነው" ብላ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጠች።

ሦስት ቀን ጠበቅን። መብራቱም አልመጣም። ቅዳሜ ሶላሮቹን ልመልስ ወጣሁ። የቡራዩው ነጋዴ ጥቁሩን ጠጋ ብሎ ሲያይ ሦስት ጊዜ አስነጠሰው። "ምን አድርገህበት ነው?" አለኝ። "ሙከራ" አልኩት። መታወቂያዎቼን ሁሉ ሰብስቤ፣ እንደገና ሰው ሆኜ ተመለስኩ።

እሑድ ሃያ አንደኛው ቀን ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ወይንሸት ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብላለች። እኔ ውጭ ቆሜ ጣራውን አያለሁ። ከታች የሚታየው የሶላሩ ጠርዝ ብቻ ነው። መሰላሉ ደግሞ እዚያው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀርቷል። አንድ ጊዜ ብቻ ልየው፣ ጥቁር ይሁን ሰማያዊ ልወቅና ልውረድ አልኩ። ማንን ይጎዳል?

ወጣሁ። ፀሐይዋ ከጀርባዬ ናት። አንገቴን ላሰግግ ስል ከቤት ውስጥ የማሽኑ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ሰማሁ። ባትሪው አዳሩን ሠርቶ ጠዋት ተሟጦ ነበርና ማሽኑ የሚኖረው በዚያች ፀሐይ ነበር። ጥላዬ ሶላሩ ላይ ወድቋል።

ወይንሸት በር ላይ ብቅ አለች። አልጮኸችም። "ውረድ፤ አንዷ እየወጣች ነው" አለችኝ።

አንድ እርምጃ ከፍ ብል አየው ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ወረድኩ።

ስገባ ማሽኑ ጩኸቱን አቁሟል። በመስታወቱ ውስጥ አንዷ ግማሽ አካሏ ወጥቷል፤ ሌላዋ ከቅርፊቷ ተላቃ ተጋድማለች፤ ከየእንቁላሉ ትንሽ ትንሽ ድምፅ ይሰማል፤ ከአንዱ፣ ከሌላው፣ ከብዙው። ወይንሸት እያለቀሰች ነው። እኔም አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ፣ የመጀመሪያዋ ጫጩት ላባዋ ሲደርቅላት፣ ወይንሸት አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። "በሁለት እጅህ ያዝ" አለችኝ።

በሁለት እጄ ያዝኳት። ሴት ትሁን ወንድ እንኳ አልጠየቅኩም።